«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ካለች በኋላ፦ በአሜሪካ የልጆች አድቮኬሲ ማዕከል ምን ይደረጋል?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለዓመታት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት። ከሁሉም የከበደኝ ግን ከውጭ ሲያዩት መዋዕለ ሕፃናት የሚመስል ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ዓሣና ቀስተ ደመና ተስሏል። ምንጣፉ ላይ ሌጎ ተበትኗል። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት የኛ አገር እናት ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ቦታው በእንግሊዝኛ ቺልድረንስ አድቮኬሲ ሴንተር ይባላል። ጥቃት ደርሶባቸዋል ተብለው የሚጠረጠሩ ልጆችና ቤተሰቦቻቸው የሚመጡበት ማዕከል ነው።

እዚያ የሰማሁትን አልነግራችሁም። አስተርጓሚ የሰማውን እዚያው ጥሎ ነው የሚወጣው። የምነግራችሁ መንገዱን ነው፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ፣ የትኛው ቦታ ላይ አፋችሁን መያዝ እንዳለባችሁ። ጠበቃም ሐኪምም አይደለሁም። ደግሞ አሠራሩ ከስቴት ስቴት ትንሽ ይለያያል።

መጀመሪያ ግን ቤቱ ለምን እንደተሠራ ላስረዳችሁ። ይህ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

ድሮ ልጅ «እንዲህ ተደረግኩ» ስትል ለአስተማሪዋ ትናገራለች። ከዚያ ለፖሊስ። ከዚያ ለሶሻል ወርከር፣ ለነርስ፣ ለዶክተር፣ ለዐቃቤ ሕግ። እያንዳንዱ በየቢሮው፣ በየራሱ አጠያየቅ። ልጅቷ ያንኑ ነገር ደጋግማ ስትናገር ወይ ትሰለቻለች፣ ወይ ትፈራለች፣ ወይ «አላመኑኝም ማለት ነው» ብላ ቃሏን ትቀይራለች። አላባማ ውስጥ በሃንትስቪል ከተማ ባድ ክሬመር የሚባል ዐቃቤ ሕግ ይህን አይቶ በፈረንጆቹ 1985 ሌላ ዘዴ አመጣ። ልጅቷ በየቢሮው ከምትዞር ባለሙያዎቹ እሷ ያለችበት ይምጡ አለ። አንድ ቤት ተዘጋጀ። ዛሬ በመላ አሜሪካ ከ900 በላይ እንዲህ ያሉ ማዕከሎች አሉ።

ስለዚህ ቤቱ የቆመበት ነገር አንድ ነው። ልጁ በተቻለ መጠን አንዴ ይናገር፣ መስማት ለሚችል ሰው ይናገር። ወላጆች ሳናውቅ የምናበላሸውም ይህንኑ ነው።

1. ስትነግራችሁ

ፊታችሁን ያዙ። ይህን የምለው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ልጅ ግን ከቃላችሁ በፊት ፊታችሁን ነው የምታነበው። እናት ደረቷን ስትደቃ ያየች ልጅ «እናቴን ገደልኳት» ብላ ዝም ትላለች።

ሦስት ነገር በሏት። «ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የሚረዱን ሰዎች ጋ እንሄዳለን።» ከዚያ አቁሙ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ መናገራችሁ አይቀርምና።

«መቼ? የት? ስንት ጊዜ? እንዲህ አደረገሽ? እንዲያስ?» እያላችሁ አታጣድፏት። መጠየቅ ያለባችሁ ዛሬ ማታ ደህና መሆኗን ለማወቅ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነና ያ ሰው አሁን የት እንዳለ። የቀረው የባለሙያ ሥራ ነው። «እንዲህ አድርጎሻል አይደል?» የሚል ጥያቄ መልሱን በአፏ ያስገባላታል። በኋላ ፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቃው «ይህን ያስጠናቻት እናቷ ነች» የሚለው ይህን ይዞ ነው። እሷ የተናገረችውን በራሷ ቃል፣ በተናገረችበት ቋንቋ ወረቀት ላይ ጻፉት። በእንግሊዝኛ ካለችው በእንግሊዝኛ፣ አማርኛ ከቀላቀለች ከነቅልቅሉ።

ተጠርጣሪው ጋ አትደውሉ። ይህን ስል ስንቱ አባት እንደሚያጉረመርም አውቃለሁ። ግን ደውላችሁ ስትሳደቡ ያ ሰው ስልኩን ለማጽዳት፣ ሻንጣ ለማዘጋጀት፣ ዘመድ ለማሰለፍ ጊዜ ሰጣችሁት ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እስካሁን «ልጅቷ» ስል የቆየሁት ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ነው። ወንድ ልጅም ይደርስበታል። የኛ ሰው ወንድ ልጅ ሲናገር «እሱ ምን ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ይሆናል።

2. ደውሉ

አብዛኞቹ ማዕከሎች በር አንኳኩቶ የሚገባባቸው አይደሉም። ወደዚያ የሚልኳችሁ ፖሊስ ወይም የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሲፒኤስ የሚለው፣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ስልክ ነው።

አሁኑኑ አደጋ ካለ 911። ካልሆነ የአካባቢያችሁ የልጆች ጥቃት መጠቆሚያ መስመር። ዲሲ 202-671-7233፣ ሜሪላንድ 1-800-917-7383፣ ቨርጂኒያ 1-800-552-7096። ሌላ ስቴት ያላችሁ ቻይልድሄልፕ የሚባለው አገር አቀፍ መስመር ላይ፣ 1-800-422-4453፣ ብትደውሉ ወደየት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል። ቀንም ሌሊትም ይሠራል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አማሪክ፣ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉና ጠብቁ፤ ዝምታው ሊረዝም ይችላል፣ እንዳትዘጉት።

አስተርጓሚ ማግኘት ውለታ አይደለም፣ መብት ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ቋንቋ ማመቻቸት አለበት። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከዋነኞቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት። የእህቱን ነገር በአፉ እንዲተረጉም ማድረግ ሁለተኛ ልጅ መጉዳት ነው።

«አስተርጓሚው ቢያውቀኝስ?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ሐበሻ ጠባብ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በር ከፍቼ ስገባ በአንድ ማኅበር ጠላ የተቃመስን ሴት አየሁና ወዲያው ተመልሼ ወጣሁ። በስልክ የሚያስተረጉም፣ ሌላ ስቴት ያለ ሰው እንዲሆንላችሁ ጠይቁ። ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን መጠየቅም ይቻላል።

አሁን ወደ ትልቁ ፍርሃት። «ሲፒኤስ ልጄን ይነጥቀኛል።» በየቡና ቤቱ የሚወራው ይህ ነው። ልጅ ከቤት የሚወሰድበት ሁኔታ የለም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ይህን ልጅ የሚጠብቅ ወላጅ አለ?» የሚል ነው። የደወለች፣ ልጇን ያመነች፣ ተጠርጣሪውን ከቤት ያራቀች እናት ለዚያ ጥያቄ መልስ ሰጥታለች። ችግር የሚመጣው ወላጅ አውቆ ዝም ሲል፣ ወይም ሰውየውን በጓሮ በር መልሶ ሲያስገባ ነው።

3. ከቀጠሮው በፊት ያለው ሌሊት

ነገሩ የተፈጸመው በቅርብ ቀን ከሆነ ልጅቷን አታጥቧት። ጥርስ እንኳ ባትቦርሽ ይሻላል። የለበሰችውን ልብስ አትጠቡ፤ በወረቀት ከረጢት አድርጉት። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ማስረጃ ያበላሻል። የሰውነት ማስረጃ የሚሰበሰብበት ጊዜ አጭር ነው። አንዳንድ ቦታ 72 ሰዓት፣ ሌላ ቦታ እስከ 120 ሰዓት። ጊዜው አለፈ ብላችሁ ግን አትቅሩ። ልጆች በአብዛኛው የሚናገሩት ከወራት ምናልባትም ከዓመታት በኋላ ነው፤ ማዕከሉም ይህን ያውቃል። በስልክ የመጣ መልእክት ወይም ፎቶ ካለ ስልኩን እንዳለ አስቀምጡት። አትሰርዙ፣ ለዘመድም አትላኩ። የልጅ የራቁት ፎቶ ለእህታችሁ «ጉድ እዪ» ብላችሁ ብትልኩ ራሳችሁን ከባድ ወንጀል ውስጥ ታስገባላችሁ።

ለልጅቷ የምትነግሯት አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ «ነገ ከልጆች ጋር ማውራት ሥራዋ ከሆነች ሴት ጋር ታወሪያለሽ። ምንም አላጠፋሽም። እውነቱን ንገሪያት። የማታውቂውን ነገር ከጠየቀችሽ አላውቅም በይ።» በቃ። አታለማምዷት። «በደንብ ከተናገርሽ አይፓድ እገዛልሻለሁ» አትበሏት።

ቁርስ አብሏት። እንቅልፍ በሚጥላት ሰዓት ቀጠሮ አትቀበሉ። የምትወደውን አሻንጉሊት ትያዝ።

ከወረቀት፦ የልደት ሰርተፊኬቱን ያዙ። የኛ ስም አወጣጥ ለአሜሪካኖቹ ግራ ነው። የእናት የመጨረሻ ስም አንድ፣ የልጅ ሌላ። «እርግጠኛ ነሽ ልጅሽ ናት?» የሚል አስተያየት ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ወረቀቱ ያንን ክርክር ይዘጋል።

4. ለመርማሪው አስቀድማችሁ የምትነግሩት

ይህን ክፍል ሌላ ቦታ ተጽፎ አላየሁም፤ ስለዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ። እናንተ ከመርማሪው ወይም ከማዕከሉ ሠራተኛ ጋር ልጅቷ በሌለችበት የምታወሩበት ጊዜ ይኖራል። ያኔ የሚከተሉትን አስረዱ።

ዝምድናውን። የኛ ልጆች ለቤት የመጣን ሰው ሁሉ «አንክል» ይላሉ። አሜሪካዊው «አንክል» ሲባል የአባት ወይም የእናት ወንድም ይመስለዋል። ቤታችሁ የሚመላለሱ ሦስት «አንክሎች» ካሉ ስማቸውን፣ ቅጽል ስማቸውን፣ ልጅቷ ምን ብላ እንደምትጠራቸው ተናገሩ።

ሰዓቱን። «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የመጣው» ስትሉ በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 8:00 ማለታችሁ ነው። አስተርጓሚው ሳያስተውል «ቱ ኦክሎክ» ካለ መርማሪው 2:00 ብሎ ይጽፋል። በዚያ ሰዓት ሰውየው ሥራ ላይ ከነበረ ደግሞ የልጅቷ ቃል ውሸት መሰለ። ወርም እንዲሁ። መስከረም 5 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 15 ነው። አስተርጓሚ «መስከረም» ሲሰማ «ሴፕቴምበር» ብሎ ያልፋል፣ ቁጥሩም 5 እንደሆነ ይቀራል። በየትኛው አቆጣጠር እየተናገራችሁ እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ግለጹ። ልጆች ደግሞ ቀን አያስታውሱም፤ «ቡሄ የጨፈርን ቀን»፣ «ዳቦ የተቆረሰ ቀን» ይላሉ። እነዚያ በዓላት መቼ እንደዋሉ ለመርማሪው ንገሩ።

የሰውነት ክፍል መጠሪያውን። በየቤቱ የቁልምጫ ስም አለ። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ስም ጨርሶ የለም፣ «እዚያ ጋ» ነው። ልጃችሁ የምትጠቀመው ቃል ምን እንደሆነ አትፈሩ፣ ንገሯቸው። አያፍሩባችሁም፤ የሁሉን ሰምተዋል።

5. ቀኑ ሲደርስ

ፖሊስ ጣቢያ አይመስልም። መርማሪዎቹም ብዙ ጊዜ መለያ ልብስ አይለብሱም። ተጠርጣሪ ሰው ወደዚያ ግቢ አይገባም። አንዳንድ ማዕከሎች የሠለጠነ ውሻ አላቸው፤ ልጃችሁ ውሻ የምትፈራ ከሆነ አስቀድሙና ተናገሩ።

ልጅቷ አንዲት ትንሽ ክፍል ትገባለች። ሁለት ወንበር፣ ምናልባት ወረቀትና ቀለም። ካሜራ አለ፣ መኖሩንም ይነግሯታል። ቃሏን የምትቀበላት ሴት (ወንድም ሊሆን ይችላል) ልዩ ሥልጠና የወሰደች ናት። መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለምትወደው ጨዋታ ታወራታለች። ሕጉን ትነግራታለች፦ ካላወቅሽ አላውቅም በይ፣ እኔ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ከዚያ ክፍት ጥያቄ ታቀርባለች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ሁሉንም ንገሪኝ።» «ከዚያስ?» ልጅቷ ዝም ስትል እሷም ትጠብቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ለትንንሾቹ በጣም ያጥራል።

በሌላ ክፍል ፖሊሱ፣ የልጆች ጥበቃ ሠራተኛው፣ ብዙ ጊዜም ዐቃቤ ሕጉ ተቀምጠው በስክሪን ያያሉ። የጎደለ ጥያቄ ካለ ጠያቂዋ ወጣ ብላ ትቀበላቸውና ትመለሳለች። አንዴ ይናገር የተባለው እንዲህ ነው።

እናንተ አትገቡም፣ በስክሪንም አታዩም። ይህ ብዙ እናት ያስቆጣል። «ልጄን ከማላውቃት ፈረንጅ ጋር?» ነገር ግን ልጅ እናቷ ፊት እናቷን ትጠብቃለች። የሚያሳዝናትን ዘላ ታልፋለች።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናዘዝ። የመጀመሪያ ቀኔ፣ ቃሉን በአማርኛ ምን ልበለው ስል «ምርመራ» አልኩ። እናትየዋ ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች። «ልጄ ምን አጥፍታ ነው የምትመረመረው?» እውነቷን ነው፤ በኛ ጆሮ ምርመራ የወንጀለኛ ነው። «ቃለ መጠይቅ» ብል ደግሞ ሥራ ልትቀጠር ይመስላል። ከዚያ ወዲህ «ልጅቷ ታሪኳን የምትናገርበት ውይይት» እላለሁ። ይረዝማል፣ ግን ማንም ቦርሳ አላነሳም።

ስትጨርስ ቡድኑ እናንተን ያናግራል። ሁሉን ነገር ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ ጉዳዩ ገና ክፍት ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ጠይቁ፦ ሰውየው ይያዛል? መቼ ትደውላላችሁ? ዛሬ ማታ ቤቴ መመለስ እችላለሁ?

መኪና ውስጥ ስትገቡ «ምን አልሻት?» አትበሉ። ፒሳ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቋት።

6. ሐኪሙ

የሕክምና ምርመራውን የሚሠራው የልጆች ጥቃት ላይ የሠለጠነ ሐኪም ወይም ነርስ ነው። ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ያያል። ጆሮ፣ ጉሮሮ፣ ሆድ፣ ከዚያ ሌላውም። አያሳምም፣ ልጅቷ «በቃ» ካለች ይቆማል። ልጆች በውስጣቸው የተበላሸ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። «ሰውነትሽ ጤነኛ ነው» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ መስማት ለብዙዎቹ ትልቅ እፎይታ ነው።

የኛ ወላጆች ጥያቄ ግን ሌላ ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት። «ክብሯ አለ?» በግልጽ ልንገራችሁ። ያንን የሚመልስ ምርመራ በዓለም ላይ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብሏል። ሌላው ደግሞ፦ ጥቃት ደርሶባቸው ከሚታዩ ልጆች አብዛኞቹ ሰውነት ላይ ምንም ምልክት አይገኝም። የልጅ ሰውነት ቶሎ ይድናል፣ ብዙው ጥቃትም ቁስል አይተውም። ስለዚህ «ዶክተሩ ምንም የለም አለ» ማለት «ምንም አልተደረገም» ማለት አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለባላችሁም፣ ለአማታችሁም ድገሙላቸው።

7. አድቮኬቷ

አድቮኬቷ ቤተሰቡን የምትረዳ የማዕከሉ ሠራተኛ ናት፤ ጠበቃ አይደለችም። «አድቮኬት» የሚለውን ሰምታችሁ «ለጠበቃዋ ስንት ልክፈል?» እንዳትሉ። አገልግሎቷ በነጻ ነው። እሷ የእናንተ ሰው ናት። ስንቱ እናት ይህን ባለማወቅ ሳይጠቀምባት ይቀራል።

ምን ምን ትሠራለች? ጉዳዩ የት እንደደረሰ ከመርማሪው ጠይቃ ትነግራችኋለች። ሰውየው እንዳይቀርብ የሚከለክል የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዴት እንደሚወጣ ትመራችኋለች። የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ የሚባለውን ፎርም አብራችሁ ትሞላለች፤ ሕክምና፣ የምክር አገልግሎት፣ አንዳንዴም ቤት የመቀየሪያ ወጪ ይሸፍናል። ለአሠሪያችሁ ደብዳቤ ትጽፋለች። ፍርድ ቤት ከተደረሰ ልጅቷን አስቀድማ ባዶ ችሎቱ ውስጥ አስገብታ ወንበሯን ታሳያታለች።

በተለይ ተጠርጣሪው የቤቱ ገቢ ከነበረ ዝም አትበሉ። የቤት ኪራይ የሚከፍለው እሱ ከነበረ፣ ምግብ ካጠራችሁ፣ ንገሯት። ሐበሻ ሲጠየቅ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እሷ ደግሞ «ደህና ናቸው» ብላ ትጽፋለች።

የመኖሪያ ወረቀታችሁ ጉዳይ የሚያሳስባችሁ ከሆነም የስደተኞች ጠበቃ እንድታገናኛችሁ ጠይቋት። የወንጀል ተጎጂ ሆኖ ከሕግ አስከባሪ ጋር ለተባበረ ሰው በ2000 የወጣ ዩ ቪዛ የሚባል አለ። በዓመት 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። ለእናንተ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ጠበቃ ይንገራችሁ፤ ፎርም የሚሞላ የሠፈር ሰው አይደለም።

8. ቴራፒ

«ልጄ እብድ አይደለችም።» ይህን ስተረጉም ስንት ጊዜ እንደኖርኩ። «ምክር» ብዬ ስተረጉመው ደግሞ ሰው ተግሣጽ ይጠብቃል፤ አንድ አዛውንት ቁጭ አድርገው የሚገሥጹ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ብዙ ማዕከሎች የሚሰጡት ጉዳቱ ላይ ያተኮረ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ የሚፈጅ ሕክምና ነው። ልጅቷ ሌሊት ስትባንን ሰውነቷን እንዴት እንደምታረጋጋ ትማራለች። «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውን ሐሳብ ቀስ እያለች ትፈታዋለች። ወላጅም ይካፈላል፤ ብቻዋን የምትጣልበት አይደለም።

ጠበል መውሰድ ከፈለጋችሁ ውሰዷት፣ ጸልዩም። ቴራፒስቱ አይቀየማችሁም። ቀጠሮውን ግን አትሰርዙ።

እናንተም ጠይቁ። የልጅ ነገር ሲነሳ የራሷ የተቀበረ ነገር የሚነሳባት እናት ብዙ ናት። በልጅነቷ፣ በጠለፋ፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ የደረሰባት። ማዕከሉ ለወላጅም ድጋፍ ይሰጣል ወይም ወደሚሰጥ ይልካል።

9. ዘመድ፣ ሽማግሌ፣ ስልክ ከአዲስ አበባ

ከፖሊሱ የሚከብደው ይህ ነው። በልጅ ላይ እንዲህ የሚያደርገው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ያ ሰው እናት አለው፣ እህት አለው፣ የንስሐ አባት አለው። በሁለተኛው ሳምንት ስልኩ ይጀምራል። «ቤታችንን አታፍርሺ።» «ገመናችንን ለፈረንጅ?» «ሽማግሌ እንላክ፣ በእርቅ ይለቅ።»

የምትመልሱት አጭር ነው፦ «ጉዳዩ በመንግሥት እጅ ነው፣ እኔ ላነሣው አልችልም።» እውነትም ነው። ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ በሽምግልና የሚዘጋ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን እንዳያናግሩ። ልጅ አያቷ ስታለቅስ በስልክ ከሰማች «ዋሽቼ ነው» ልትል ትችላለች። ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ ባለሙያዎቹም ያውቁታል። እንዲህ ካለች አትቆጧት፤ ለአድቮኬቷ ማን እንደደወለ ንገሩ።

ክስ ሳይመሠረት ሊቀርም ይችላል። ማስረጃ አነሰ ይባላል። ይህ ልጅቷ ዋሸች ማለት አይደለም፣ ይህንንም ለእሷ ንገሯት። ቴራፒው በክሱ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

በነገራችን ላይ ማዕከሉ የሚያየው ወሲባዊ ጥቃት ብቻ አይደለም። ቀበቶ፣ በርበሬ ማጠን፣ ምልክት የሚተው ቁንጥጫም ወደዚያው ያመጣል። «እኛም እንዲህ ነው ያደግነው» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ተርጉሜያለሁ፤ አንድም ጊዜ ሲጠቅም አላየሁም።

ሌላ አገር ያላችሁ

ስዊድንና ኖርዌይ ያላችሁ «ባርናሁስ» የሚባለውን ጠይቁ። ትርጉሙ የልጆች ቤት ነው፤ አይስላንድ በ1998 ከአሜሪካው አይታ ጀመረችው። እስራኤል ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚያነጋግሩ ልዩ የልጆች መርማሪዎች ከ1955 ጀምሮ በሕግ አላት። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምና፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። ወደዚያ ለመሄድ አስቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ መዞር አለብን ብላችሁ ልጁን አታዘግዩ።

የመጨረሻ ጉዳይ፣ ስልካችሁ

ከማዕከሉ የሚደወለው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ተደብቆ ነው። ሐበሻ ደግሞ የማያውቀውን ቁጥር አያነሣም፣ ቮይስሜይሉም ሞልቷል። አድቮኬቷ ሦስት ጊዜ ትሞክራለች፣ ከዚያ «ቤተሰቡ አልተገኘም» ብላ ትጽፋለች። የፍርድ ቤት ቀን በዚህ ያመለጣቸው ሰዎች አሉ። ዛሬውኑ ቮይስሜይላችሁን ባዶ አድርጉ። የትኛው ሰዓት እንደሚመቻችሁና መልእክት መተው ይቻል አይቻል ንገሯት። የቢሮዋን ቁጥር መዝግቡት። ስልካችሁን ሌላ ሰው የሚያይ ከሆነ «የጥርስ ሐኪም» ብላችሁ መዝግቡት።